ሱሪያሊዝምን በፊልም ማስተማር፦ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ለሚሉ ተማሪዎች ምን እናሳይ?

ጠመኔ ጻፈ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለ11ኛ ክፍል የሚኒ ሚዲያና የሥነ ጥበብ ክበብ ተማሪዎች ስለ ሱሪያሊዝም የአራት ሳምንት ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው። በሳምንት አንድ ድርብ ክፍለ ጊዜ፣ ማለትም 80 ደቂቃ አለ። ተማሪዎቹ 45 ናቸው። ያለው መሣሪያ አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ላፕቶፕና የተማሪዎቹ ስልክ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር አማክሩኝ። አንደኛ፣ የትኛውን ፊልም፣ ስንት ደቂቃውን፣ በምን ቅደም ተከተል ላሳይ? ሁለተኛ፣ የፊልም ሠሪው የሉዊስ ቡኙኤልና የሠዓሊው የሳልቫዶር ዳሊ «የአንዳሉዥያ ውሻ» (በአውሮፓ አቆጣጠር 1929) ዓይነት ፊልም ሲነሣ ክፍሉ ወዲያው ወደ ህልም ፍቺ ይገባል። ከመዳፉ የሚወጣው ጉንዳን ምንድን ነው? ፒያኖው ላይ የተጋደመው የሞተ አህያ ማን ነው? እኔ ደግሞ ትምህርቱ ስለ እውነታ እንዲሆን እንጂ እንቆቅልሽ መፍታት ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም።

መቀስና ሙጫ ጻፈ፦
መምህር፣ እኔ ብሆን ከትርጓሜው አልጀምርም፤ ከመቀሱ ነው የምጀምረው። የእንቅስቃሴው መሪ፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ አንድሬ ብረቶን በ1924 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የመጀመሪያውን ማኒፌስቶ (የአቋም መግለጫ) ፓሪስ ላይ ሲያወጣ ሱሪያሊዝምን የገለጸው፣ ሐሳብ ያለ አመክንዮ ቁጥጥር፣ ስለ ውበትም ስለ ግብረ ገብም ሳይጨነቅ እንዳመጣለት ሲፈስ ነው ብሎ ነው። ይህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢጽፉት ተማሪው ይገለብጠዋል፤ ከዚያም ለፈተና ይሸመድደዋል። ስልኩን ይዞ አንድ ከት (ቀረጻ ተቆርጦ ከሌላው ጋር የሚገጣጠምበትን ቦታ) በእጁ ሲሠራ ግን ነገሩ ይገባዋል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ለጆርጅ ሜሊየስ ዘዴ ይስጡት። ሜሊየስ ፓሪስ ውስጥ የአስማት ትርኢት ቲያትር ያለው ሰው ነበር። ካሜራውን አቁሞ፣ ዕቃውን ለውጦ፣ እንደገና በማስነሣት ሰውን ያሰውር፣ አንዱን ዕቃ ሌላ ያደርግ ነበር። ሱሪያሊስት አይደለም፤ እንቅስቃሴው ገና አልተወለደም። ለትምህርቱ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፦ በዚህ ዘዴ የሚታየው ሁሉ በእርግጥ ካሜራው ፊት ነበረ፤ የጎደለው በመካከል ያለፈው ጊዜ ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስልኩ መደገፊያ ያስፈልገዋል፤ ትራይፖድ ከሌለ ሁለት ጡብና የብር ላስቲክ ይበቃሉ። ስክሪኑ ላይ ጣት አሳርፎ ሁለት ሦስት ሰከንድ በመያዝ ፎከሱንና ብርሃኑን መቆለፍ። ተዋናይዋ የምትቆምበትን በጠመኔ ማስመር። ቀረጻው ይጀመር፤ በመሐል «ቁሚ!» ሲባል ትደርቃለች፤ ሌላ ተማሪ ገብቶ ከእጇ ስኒውን ወስዶ ድንጋይ ያስይዛታል፤ ከካሜራው እይታ ሲወጣ «ቀጥዪ!» ይባላል። የገባውና የወጣው ልጅ በኤዲቲንግ ይቆረጣል።

የሚበላሸው የት ነው? ቀረጻውን አቋርጦ እንደገና የማስነሻውን ቁልፍ መንካት ስልኩን ያነቃንቀዋል፤ ግድግዳው ይዘላል፤ ስለዚህ አለማቋረጥ ነው። ብርሃኑ ካልተቆለፈ ያ ልጅ ሲገባና ሲወጣ ስልኩ በራሱ ያበራል ወይም ያጨልማል፤ ከቱም ይጋለጣል። ደጅ ከሆነ ደመና ሲያልፍ ያው ነው፤ በቤት ጥላ ሥር መቅረጽና ለውጡን ከ15 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መጨረስ ይሻላል። ተዋናይዋ ደግሞ ዓይኗን አንድ ምስማር ወይም ስንጥቅ ላይ ትትከል፤ ዓይን ከተንቀሳቀሰ ሰውነት ቢደርቅም አያድንም።

ከሁሉ በላይ ግን ድንጋዩን ስታይ አትደንግጥ። እንደ ቡና ትጠጣው። ተዋናዩ ከተገረመ ፊልሙ የአስማት ትርኢት ይሆናል፤ ካልተገረመ ግን ጥያቄው ወደ ተመልካቹ ይሻገራል። ሱሪያሊዝም የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሚኒ ሚዲያ ጻፈች፦
መቀስና ሙጫ ባለው ላይ አንድ ሕግ ልጨምር፦ በአንድ ሾት (በአንድ ቀጣይ ቀረጻ) አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ልጆች ነፃ ሲለቀቁ ጭምብል፣ ጭስ፣ ቀይ መብራትና የተገለበጠ ካሜራ በአንዴ ይደርባሉ። ያኔ የሚወጣው ተረት ነው። በተረት ዓለም ጅብ ቢናገር ማንም አይደነቅም፤ የተረቱ ዓለም የራሱ ሕግ አለውና። ሱሪያሊስቱ ግን የሚያውቁትን ማድ ቤት እንዳለ ይተውና አንድ ነገር ብቻ ከቦታው ያነሣል። የክፍል መዝገብ መያዣ ሣጥን ውስጥ እንጀራ። የታክሲ ወረፋ ላይ ከሰው ተርታ የተሰለፈ ጀበና። የቀረው ሁሉ የዘወትሩ፣ የተሰላቸንበት ነገር መሆን አለበት።

በሁለተኛው ሳምንት የፊልም ሠሪዋን የማያ ዴረንን «የቀትር በኋላ መረቦች» አስገቢው ወይም አስገባው (ጠመኔ ወንድ ይሁን ሴት ስላላወቅሁ ነው)። ዴረንና ባሏ አሌክሳንደር ሐሚድ በ1943 ሎስ አንጀለስ በሚኖሩበት ቤት ውስጥ በ16 ሚሊሜትር ካሜራ የሠሩት፣ 14 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ፊልም ነው። ዕቃዎቹ ቁልፍ፣ አበባ፣ ዳቦ ላይ የተሰካ ቢላዋ፣ ከቦታው የተነሣ የስልክ እጀታ ናቸው። የቴይጂ ኢቶ ሙዚቃ የተጨመረው በ1959 ስለሆነ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቶ ማሳየት ይቻላል። ዴረን ራሷ ሱሪያሊስት መባልን አልወደደችም፤ ሥራዋ ሳይታሰብ የፈሰሰ ሳይሆን በልክ የተቀናበረ መሆኑን አጥብቃ ትናገር ነበር። ይህን ለተማሪ መደበቅ አያስፈልግም፤ ጥሩ ክርክር ያስነሣል።

ከፊልሙ ውስጥ ለልምምድ የሚመረጠው ሴትዮዋ ቢላዋ ይዛ ከወንበር ተነሥታ የምትራመድበት ነው። አንዱ እርምጃ የባሕር ዳር አሸዋ ላይ ያርፋል፣ ቀጣዩ ሣር ላይ፣ ቀጣዩ የመንገድ ንጣፍ ላይ፣ የመጨረሻው ሳሎን ምንጣፍ ላይ። አራት ቦታ፣ አንድ ጉዞ። ለመሥራት፦

ካሜራው ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ፣ ከጉልበት በታች ብቻ ይይዛል። በሁሉም ቦታ ከእግሩ ያለው ርቀት እኩል ይሁን፤ በክር ለክተው ክሩን ይዘው ይዙሩ። ጉዞው ከግራ ወደ ቀኝ ከሆነ በአራቱም ቦታ ከግራ ወደ ቀኝ ይሁን፤ አንዱ ቢገለበጥ ልጅቷ የተመለሰች ይመስላል። በየቦታው ቢያንስ ሦስት እርምጃ ይቀረጽ፣ ለኤዲቲንግ ትርፍ እንዲኖር። ከት የሚደረገው እግሩ አየር ላይ ሳለ ነው፤ ቀጣዩ ሾትም እግሩ አየር ላይ ካለበት ይጀምር። መሬት ከረገጠ በኋላ ከተቆረጠ ዓይን አንድን እርምጃ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል፣ ሰውየው ያነከሰ ይመስላል። ጫማው አንድ ዓይነት መሆኑ የታወቀ ነው፤ የሚረሳው የሱሪው ጫፍ ነው። አንድ ቦታ ታጥፎ ሌላ ቦታ ወርዶ ይገኛል።

ለ45 ተማሪ ዘጠኝ ቡድን፣ በቡድን አምስት ሰው፦ አንድ ካሜራ፣ አንድ ተዋናይ፣ አንድ ክር የሚይዝ፣ አንድ ልብስና ዕቃ የሚቆጣጠር፣ አንድ ኤዲተር።

ጠልሰም ጻፈ፦
ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። ተማሪዎቹ ፍቺ የሚፈልጉት ስላልገባቸው አይደለም። ሰምና ወርቅ ተምረው ነው ያደጉት። ኅብረ ቃሉን ፈልገው፣ ሰሙን አቅልጠው ወርቁን ማውጣት ለምደዋል፤ ቤት ደግሞ ህልም ሲነገር «እባብ ጠላት ነው፣ ጥርስ ዘመድ ነው» ይባላል። ይህ የረቀቀ የንባብ ስልት ነው፤ ሊከበር ይገባል። ሆኖም ለዚህ ፊልም የተሳሳተ ቁልፍ ነው፤ ለምን እንደማይከፍትም በግልጽ ቢነገራቸው ጥሩ ነው።

ባለ ቅኔው ወርቁን ዐውቆ ነው የሚቀብረው። ቡኙኤልና ዳሊ «የአንዳሉዥያ ውሻ»ን ሲጽፉ የተስማሙበት ሕግ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ በአእምሮ ሊብራራ የሚችል ሐሳብም ሆነ ምስል አይገባም። መነሻቸው ሁለት ህልሞች ነበሩ። ቡኙኤል ቀጭን ደመና ጨረቃን ሲቆርጥ ያየው፣ ዳሊ ደግሞ ጉንዳን የሞላበት እጅ ያየው። ጽሑፉ ያለቀው በሳምንት ገደማ ነው፤ አንዱ ያቀረበውን ሌላው ካልተቀበለው ወዲያው ይጣላል። በርዕሱ ላይ ያለው ውሻ እንኳ ፊልሙ ውስጥ የለም።

ይህን ወደ ልምምድ ለመቀየር፦ እያንዳንዱ ተማሪ በአምስት ቁራጭ ወረቀት ላይ አምስት ምስል ይጻፍ። ምስል ይሁን፣ ሐሳብ አይሁን። «ብቸኝነት» አይቆጠርም፤ «ባዶ አውቶቡስ ውስጥ የሚፈላ ድስት» ይቆጠራል። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይለዋወጡ። ተቀባዩ በ10 ሰከንድ ውስጥ «ይህ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ አሳማኝ ፍቺ ከሰጠው ወረቀቱ ይቀደዳል። እርግብ ሰላም ስለሆነች ትቀደዳለች። የተሰበረ ሰንሰለት ነፃነት ስለሆነ ይቀደዳል። ቆጣሪ የሌለው ሰዓት፣ ሻማ ሲጠፋ፣ ጽጌረዳ ሲጠወልግ፣ ሁሉም ይቀደዳሉ። የቀሩት ጥቂቶች ለፊልሙ ይሆናሉ። ተማሪው ፍቺ የማውጣት ችሎታውን እየተጠቀመበት ነው፤ አሁን ግን ማጥሪያ ወንፊት ሆነለት።

ስለ ቅርብ ምሳሌ ካነሣን ደግሞ ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን አለ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1966 ፓሪስ ነበር፤ የኩባዊውን ሠዓሊ የዊፍሬዶ ላምን ሥራ ያወቀውም እዚያ ነው። በ1964 የሣለው «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ዛሬ ሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ዓይኖቹንና ክንፎቹን ከክታብ ጠልሰሞች አጠገብ አስቀምጦ ማሳየት አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። የእኛ ጠልሰም ግን የታሰበለት ሥራ አለው፤ ሕመምተኛን ለመፈወስ የተሣለ ነው። ስለዚህ «እኛም ድሮ ሱሪያሊስት ነበርን» ወደሚል ድምዳሜ እንዳትሄዱ እለምናለሁ። ዝምድናው ያለው ዓይን ወደ ተመልካቹ የሚመለከትበት መንገድ ላይ ነው።

ሦስተኛ ረድፍ ጻፈ፦
ጠልሰም፣ በወረቀቱ ልምምድ ደስ ብሎኛል። ፍቺን ጨርሶ ማገዱ ላይ ግን አልስማማም። ሱሪያሊስቶቹ የሥነ ልቦና ሐኪሙን ፍሮይድን ያነበቡ ሰዎች ናቸው፤ ብረቶንም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሳን ዲዚዬ በነበረ የአእምሮ ሕሙማን ማዕከል የሠራ የሕክምና ተማሪ ነበር። ፍሮይድ ደግሞ ስለ ህልም ሲጽፍ ለሁሉም ሰው የሚሠራ የፍቺ መዝገበ ቃላት አላዘጋጀም። ህልም አላሚው ራሱ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ተነሥቶ ምን እንደሚታወሰው ይጠይቅ ነበር። ከዚያም ህልም የሚሠራባቸውን ስልቶች ለየ፦ ሁለት ሰው በአንድ ፊት መጣመሩ፣ የዋናው ነገር ስሜት ወደማይረባ ዕቃ መዛወሩ።

ስለዚህ «ጉንዳኑ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ አትዝጉት፤ አዙሩት። «ጉንዳኑን ስታይ ሰውነትህ ምን አደረገ? ከጉንዳኑ ቀጥሎ የመጣው ምስል ምን ነበር? በምን ተያያዙ?» በሉት። በፊልሙ ጉንዳኑ ወደ ሴት ብብት ፀጉር፣ ያም ወደ ባሕር ጃርት በዝግታ ይቀላቀላል። ክብ ቅርጽ፣ ጥቁር ነጠብጣብ፣ እሾህ። ቅርጽ ነው የሚመራው። ተማሪው ይህንን ራሱ ካየ ፍቺው አያስፈልገውም፣ የአሠራሩን መንገድ አግኝቷልና።

ጠልሰም ጻፈ፦
ይህኛውን ተቀብያለሁ። «ምን ማለት ነው» ከማለት «በምን ተያያዘ» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ለ20 ደቂቃ ብቻ እናቆየው ብል ይሻል ነበር።

ሦስተኛ ረድፍ ጻፈ፦
አሁን ወደ እውነታው። ለእኔ የዚህ ትምህርት ልብ አራተኛው ሳምንት ነው፤ መታየት ያለበትም የቡኙኤል ሦስተኛ ፊልም ነው፦ በ1933 የተሠራው «ላስ ኡርዴስ»፣ በሌላ ስሙ «እንጀራ የሌለበት ምድር» ልንለው የምንችለው። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ዘጋቢ ፊልም ነው። በምዕራብ ስፔን፣ በኤክስትሬማዱራ ተራሮች መካከል ስላለ፣ በዚያን ጊዜ እጅግ ተቸግሮ ስለነበረ አካባቢ ነው። ገንዘቡን ያወጣው ራሞን አሲን የተባለ ወዳጁ ነው፤ ሎተሪ ቢደርሰኝ ፊልምህን እከፍላለሁ ብሎት ኖሮ ደረሰውና ከፈለ። የስፔን ሪፐብሊክ መንግሥት ፊልሙን አገደው።

በ«የአንዳሉዥያ ውሻ» ምላጭ ዓይን ሲቆርጥ ያሳየው ሰው ከአራት ዓመት በኋላ ዘጋቢ ፊልም ሠራ ማለት ነው። ብዙ መምህራን ይህን ሱሪያሊዝምን እንደ መተው ያስተምሩታል። እኔ የምለው ያው ሥራ ነው። በ1930 የሠራው «ወርቃማው ዘመን» እኮ የሚጀምረው ስለ ጊንጥ በሚያወራ የሳይንስ ዘጋቢ ፊልም ነው። እሱ ዘጋቢንና ህልምን በተለያየ ሣጥን አላስቀመጠም።

ለክፍል የሚሆኑት ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንደኛው የፍየሏ ነው። ተራኪው የአካባቢው ሰዎች የፍየል ሥጋ የሚቀምሱት እንስሳዪቱ ከገደል ስትወድቅ ብቻ እንደሆነ ይነግረናል፤ ወዲያው ፍየሏ ትወድቃለች። በመጀመሪያው ጊዜ ዝም ብላችሁ አሳዩ። በሁለተኛው ጊዜ ድምፁን አጥፍታችሁ ፍሬም በፍሬም ሂዱ። በስክሪኑ ቀኝ በኩል የጥይት ጭስ ይታያል። ከዚያ ከት ተደርጎ ፍየሏ ከላይ ሆኖ በሚያይ ሌላ ካሜራ ቦታ ስትንከባለል ትታያለች። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ጭሱ ከየት መጣ? ካሜራው አስቀድሞ እዚያ እንዲቆም ማን ነገረው? ከዚህ በኋላ የሚደረገው ክርክር አንድ ሰዓት ይሞላል። በንብ ተነድፎ የሚሞተው አህያም እንዲሁ የተዘጋጀ ነበር።

ሁለተኛው የትምህርት ቤቱ ክፍል ነው። ባዶ እግራቸውን የተቀመጡ የተራቡ ልጆች፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በዊግ የተዋበች የመኳንንት ሴት ሥዕል። አንዱ ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሌላውን ንብረት አክብሩ የሚል የግብረ ገብ ትምህርት ይጽፋል። የዳሊን ፒያኖና አህያ ከዚህ ጋር አወዳድሩት። ገጣሚው ሎትሬያሞን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈውን፣ ሱሪያሊስቶች እንደ መፈክር የያዙትን ታስታውሳላችሁ፦ የልብስ ስፌት መኪናና ጃንጥላ በቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ላይ መገናኘታቸው። እዚህ የተገናኙት ዊግና ረሃብ ናቸው።

በትረካው ቃና ላይም ጊዜ ስጡ። ድምፁ እንደ መልክዓ ምድር መምህር የቀዘቀዘ ነው፤ ሙዚቃው የብራምስ አራተኛ ሲምፎኒ ነው። ምስሉ፣ ድምፁና ሙዚቃው አይገጥሙም፤ ያ አለመግጠም ነው የሚረብሸው። ልምምዱም ቀላል ነው፦ ከፊልሙ ሁለት ደቂቃ ወስዳችሁ ድምፁን አጥፉና ሦስት ቡድን ሦስት ትረካ ይጻፍ። አንዱ ለቱሪስት፣ አንዱ ለመንግሥት ሪፖርት፣ አንዱ እዚያ ለሚኖር ልጅ አፍ። ሁለት ደቂቃ ቀስ ተብሎ ሲነበብ 180 ቃል ያህል ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ከጻፉ እየተሯሯጡ ያነቡና ቃናው ይጠፋል።

ስለ ኡርዴስ ሰዎች ክብርም ይነሣ። ካሜራው ፊታቸውን ወስዷል፤ መልስ የሚሰጡበት ቦታ ግን ፊልሙ ውስጥ የለም። ይህን የማያነሣ ትምህርት ጎዶሎ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ታሪክ ይገባል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም በአውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 በእኛ አቆጣጠር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀር ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት የድግስና የምቾት ምስሎች ጋር እያፈራረቀ አቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። የረሃቡ ምስል እውነት ነው። የድግሱም ምስል እውነት ነው። ሁለቱን ያገናኘው ግን ከቱ ነው፤ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጣቸውም ሥልጣን ሊይዝ የተዘጋጀ ኃይል ነው። ተማሪው ሁለት እውነተኛ ሾቶች ሲጋጠሙ የሚወለደውን ሦስተኛ ነገር በዚህ ምሳሌ ያየዋል፤ አያቶቹንም ሊጠይቅ ይችላል።

አቡጀዲ ጻፈ፦
ሐሳቡ ሁሉ ግሩም ነው፤ ምስሉ ካልታየ ግን ከንቱ ነው። የ1929 ፊልም ጨለማ ይበዛበታል፤ መስኮቱ ሳይሸፈን ከታየ ግራጫ ጭጋግ ብቻ ነው የሚታየው። የፕሮጀክተር ስክሪን ከሌላችሁ አቡጀዲ በድርብ አጥፋችሁ፣ ተኩሳችሁ፣ ከላይም ከታችም በእንጨት ወጥራችሁ ስቀሉ። ነጠላ ንብርብር ከሆነ ብርሃኑ ያልፍና ምስሉ ይገረጣል። መስኮቱን ለመሸፈን ጥቁር ፕላስቲክ ይበቃል፤ ነገር ግን በፕሮጀክተሩ ማራገቢያ በኩል አየር ይተው፣ ሲግል ራሱን ያጠፋል።

ፊልሙን ቀድማችሁ አውርዱት፤ ክፍል ውስጥ በኢንተርኔት አትተማመኑ። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ መቅዳቱ ሲከለከል ብዙ ሰው ፍላሹ የሞላ ይመስለዋል። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ፕሮጀክተሩ የለውም። ለዚያ ቀን የሚሆን የታተመ የፊልም ምስል፣ በኤ4 ወረቀት ስምንት ያህል ያዙ፤ ቅደም ተከተሉን አደባልቆ እንዲያስተካክሉ መስጠት ራሱ ልምምድ ነው።

ስለ ፍጥነት፦ «የአንዳሉዥያ ውሻ» አንዱ ቅጂ 16 ደቂቃ ያህል፣ ሌላው 21 ደቂቃ ያህል ሆኖ ይገኛል። የተቆረጠ አይደለም፤ የድምፅ አልባ ዘመን ፊልም በዘመናዊው በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሄድ ስለሚፈጥን ነው። ሰዎቹ ሲሮጡ ካያችሁ በቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም) ፍጥነቱን ወደ 0.75 አውርዱት። ፍሬም በፍሬም ለመሄድ በዚያው ፕሮግራም የእንግሊዝኛዋን «ኢ» ፊደል መጫን ነው፤ ለፍየሏ ጭስ ይህ ያስፈልጋችኋል።

ድምፁን በተመለከተ፣ ቡኙኤል በሰኔ 1929 ፓሪስ ውስጥ በስቱዲዮ ዴዙርሱሊን ሲያስመርቀው ከስክሪኑ ኋላ ቆሞ የግራሞፎን ሸክላ ይቀያይር ነበር፦ የዋግነር «ትሪስታንና ኢዞልዴ» እና የአርጀንቲና ታንጎ። አሁን የምንሰማው ድምፅ በ1960 በዚያው መሠረት የተጨመረ ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ ስልኩን ይዞ እንደ ቡኙኤል ሁለት ሙዚቃ እየቀያየረ ቢያጫውት ምስሉ ሲከብድና ሲቀል ክፍሉ በሙሉ ይሰማዋል።

ጠመኔ ጻፈ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። (ሚኒ ሚዲያ፣ ሴት ነኝ።) ሦስት ነገር ቀረኝ። ተማሪዎቹ 17 ዓመት ገደማ ናቸው፤ የምላጩን ሾት ላሳይ? ነጥብ እንዴት ይሰጣል፣ ህልምን ማረም ይቻላል? በመጨረሻው ቀን ዘጠኙ ቡድን አንድ የጋራ ፊልም እንዲኖረው ምን ይደረግ?

መቀስና ሙጫ ጻፈ፦
ምላጩን አታሳዪ እላለሁ። የተቆረጠው የሞተ ጥጃ ዓይን ነው፤ ይህን ማወቅ ግን ድንጋጤውን አይቀንስም። ከፊልሙ ውስጥ ሴትን ያለ ፈቃዷ የሚነካ ሰውና እርቃን ያለበት ክፍልም አለ፤ ለትምህርት ቤት አይሆንም፤ ወላጆችም ልክ ናቸው። ደግነቱ፣ ለትምህርቱ የሚያስፈልጉት ሌሎች ቦታዎች ናቸው።

አንዱ ጽሑፎቹ ናቸው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቅደም ተከተል ጻፊያቸው፦ «ከዕለታት አንድ ቀን»፣ «ከስምንት ዓመት በኋላ»፣ «ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ»፣ «ከ16 ዓመት በፊት»፣ «በጸደይ»። ተማሪዎቹ የጊዜ መስመር ይሥሩ። አይሠራም። «ከ16 ዓመት በፊት» የሚለው ጽሑፍ ሲመጣ ክፍሉም፣ ሰዎቹም እንዳሉ ናቸው፤ ድርጊቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ፊልም ላይ አንዲት መስመር ጽሑፍ ስናነብ ያለ ማስረጃ እንደምናምን ያን ጊዜ ይታያቸዋል። ሌላው መጨረሻ አካባቢ ያለው በር ነው፦ ሴትዮዋ ከፎቅ ላይ ካለ ክፍል በር ከፍታ ትወጣለች፤ በሩ የሚወስደው ባሕር ዳር ነው፤ ነፋሱም ልብሷን ይመታል። ይህን ከዴረን እርምጃ ጋር አጋጥሚው። በተለመደው ፊልም በር ቦታን ከቦታ ጋር ያስተዋውቃል፤ እዚህ በሩ ሥራውን በትክክል ሠራ፣ ከወዲያ ያለው ዓለም ብቻ ተለወጠ።

«ላስ ኡርዴስ»ም ለክፍልሽ ይከብዳል ካልሽ የዣን ፓንልቬን የ1934 «ፈረሰ ባሕር» አሳዪ። ሱሪያሊስቶች የወደዱት የሳይንስ ፊልም ነው፤ እንቁላሉን ይዞ የሚወልደው ወንዱ ነው። የሚታየው እውነተኛ እንስሳ ነው፤ ነገር ግን ከየትኛውም የዳሊ ሥዕል ይልቅ ያስደነግጣል። የገደል ፍየሏን ክርክር ግን አይተካልሽም።

ሚኒ ሚዲያ ጻፈች፦
ነጥቡን በተመለከተ፣ ህልሙን አታርሚ፤ መገጣጠሚያውን እረሚ። ከ20፦ ከቱ ላይ ብርሃን አለመዝለሉ 4፣ የእንቅስቃሴ አቅጣጫና ልብስ አለመቀያየሩ 4፣ በየሾቱ አንድ ለውጥ ብቻ መኖሩ 4፣ ተዋናዩ አለመገረሙ 3፣ ከምስሉ ጋር የማይገጥም ግን የታሰበበት ድምፅ 2፣ እያንዳንዱን ከት ለምን እዚያ እንደቆረጡት የሚያስረዳ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ 3። «ጥሩ ሐሳብ» የሚል መስፈርት ካስገባሽ ነጥቡ ሁሉ ለተናጋሪዎቹ ልጆች ይሄዳል።

ለጋራው ፊልም ሱሪያሊስቶች በ1925 ገደማ ፓሪስ የጀመሩትን የታጠፈ ወረቀት ጨዋታ ወደ ስልክ አምጪው። እነሱ አንዱ ጽፎ ወይም ሥሎ ያጥፋል፣ ቀጣዩ ያለፈውን ሳያይ ይቀጥላል፤ ስሙንም ያገኘው ከመጀመሪያው ከወጣው ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ግሩሙ አስከሬን አዲሱን ወይን ይጠጣል»። በእናንተ አንደኛው ቡድን 15 ሰከንድ ቀርጾ ለሁለተኛው የመጨረሻውን ፍሬም ብቻ ፎቶ አድርጎ ይልካል። ሁለተኛው ከዚያ ፎቶ ቅርጽ ወይም አቅጣጫ ይነሣል፦ ፎቶው ላይ ክብ ድስት ካለ የራሱን በክብ ነገር ይጀምራል፣ እጅ ወደ ቀኝ ከዘረጋ ወደ ቀኝ በሚሄድ ነገር። ዘጠኝ ቡድን ሲደመር ሁለት ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይሆናል። በአንድ ቀን አይደርስም፤ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ለየቡድኑ አንድ አንድ ቀን መድቢ።

አስቀድመሽ የምትወስኚው፦ ሁሉም ስልኩን አጋድሞ ይቅረጽ፣ ሁሉም የምስሉን ጥራት 1080፣ ፍጥነቱንም በሰከንድ 30 ፍሬም ያድርግ። አንዱ በ60 ሌላው በ30 ከመጣ መገጣጠሚያው ላይ እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል። ቪዲዮውን በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ አለበለዚያ ተጨምቆ ይመጣና የአንዱ ቡድን ጥርት ያለ፣ የሌላው የደበዘዘ ይሆናል። የፋይሉ ስም በቁጥር ይጀምር፦ 01፣ 02፣ 03። ዜሮዋን ከረሱ አንዳንድ ፕሮግራም 10ን ከ2 በፊት ያስቀምጣል፤ ያንቺ ቡድኖች ዘጠኝ ቢሆኑም አንድ ቡድን ሁለት ፋይል መላኩ አይቀርምና ልምዱ ይያዝ።

ጠመኔ ጻፈች፦
ሁሉንም ጽፌዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሁለተኛው ቡድን የአንደኛውን ቪዲዮ ደብቆ ቢያይስ?

ሚኒ ሚዲያ ጻፈች፦
ፋይሉ ወደ ቡድን አይሂድ፤ ወደ አንቺ ብቻ ይምጣ። የመጨረሻውን ፍሬም አንቺው ፎቶ አድርገሽ ለቀጣዩ ቡድን ካሜራ ያዥ ላኪ። ፎቶውን ከመላክሽ በፊት ግን የመጨረሻው ፍሬም ጥቁር አለመሆኑን እዪ፤ ልጆች ሲጨርሱ ስልኩን ወደ መሬት አውርደው ነው የሚያጠፉት። የመጨረሻዋን ግማሽ ሰከንድ ቆርጠሽ፣ ምስሉ ገና ቆሞ ካለበት ውሰጂ።